በሥዕል የተላከው ማስታወቂያ

ነጭ ሽንኩርቱን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ሰበር ታደርገውና ልጣጩን በጥፍሯ ጫፍ ትስበዋለች። አንዷ ፍሬ ሳህኑ ላይ ሳትወድቅ ሌላዋ እጇ ላይ ናት። ስልኳ የስኳር ጣሳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከውስጡ የብዙ ሰው ድምፅ ይንጫጫል። ስብሰባ ላይ ናት። ተሰብሳቢዎቹ ፊቷን እንጂ እጇን አያዩም፤ ስለዚህ ፊቷ ይሰበሰባል፣ እጇ ይልጣል።

«አንድም ቅሬታ አልመጣም!» አለ የእህቷ ልጅ ከስልኩ ውስጥ። ጢሙን ካሳደገ ወዲህ ጓደኞቹ ጢሞ ይሉታል። «ይህን ሁሉ ሰው ከአሮጌው ፕሮግራም ወደ አዲሱ ስናሻግር አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። ዕቅዱ የአክስቴ ነው፤ አጨብጭቡላት እንጂ!»

ጭብጨባው ስልኩን አንቀጠቀጠው።

«ሠርግ ነው እንዴ?» አሉ እናቷ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው።

«የኛ ልጆች ናቸው እማዬ። ሥራው ተሳካ ብለው ነው።»

«ታዲያ ያንቺ ፊት ምነው የለቀስተኛ መሰለ?»

ዕለቱ እሑድ ነው፤ በየእሑዱ ከአንዲት ሴት የሚመጣላት መልእክት ግን አልመጣም። ባለፈው እሑድም አልመጣም ነበር። ያኔ «ትንሽ አሟት ይሆናል» ብላ አልፋዋለች። አሁን ግን መልእክት መምጣቱን ለማየት ደጋግማ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ማይኬ ይሏታል። ከመናኸሪያው ትኬት ቢሮ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት አንድ ጠባብ ክፍል አለ፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክራፎን፣ አቧራ የጠጣ መስኮት። የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ የምትናገረው እሷ ናት። በወጣትነቷ ትኬት ቆራጭ ነበረች። አንድ ቀን የቀድሞው ተናጋሪ ጉሮሮው ተዘጋና «እስቲ ለዛሬ አንቺ ውጪ» አሏት፤ ወጣች፤ እንደወጣች ቀረች። ቆጣ ስትል ተሳፋሪ ይሮጣል፤ ለስለስ ስትል የረሳው ሻንጣ ትዝ ይለዋል። እህቷ ስትሞት ልጇን ጢሞን ያሳደገችው በዚያች ወንበር ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እግሯ ሥር ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር፤ የሰው ድምፅ ምን እንደሚሠራ የገባውም ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ አድጎ የኮምፒውተር ሰው ሲሆን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ፕሮግራም ሠራ። ማየት ለማይችሉ ሰዎች ስልክ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው፤ «አንባቢ» አሉት። በነጻ ነው። ውስጡም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ የሚያዝበት አለቃ የለም። አንዱ ከባንክ ሥራው መልስ፣ አንዷ ልጇን አስተኝታ፣ ሌላው ከማዶ አገር ሆኖ ይሠሩታል። ድምፅ ያስፈልገው ነበርና ጢሞ ወደ አክስቱ መጣ። ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እያላባት ዓረፍተ ነገር ስታነብ ከረመች። እንዲህ ሆኖ የመናኸሪያዋ ድምፅ በማታውቃቸው ሰዎች ኪስ ውስጥ ገባ።

በአንድ ነገር ይኮሩ ነበር፤ ተጠቃሚውን ማን ነህ አይሉም። «የሰውን የግል መልእክት የምናነብ ነን፤ ስሙን አንጠይቅም፣ ቁጥሩን አንይዝም» ብለው በመጀመሪያው ቀን ተስማምተዋል። ማይኬም ይህ ደስ ይላት ነበር። እሷስ ብትሆን የተሳፋሪ ስም መቼ ታውቃለች?

አንዲት ሴት ብቻ ራሷ ፈልጋ አግኝታት ነበር። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሴንትራል ላይ ተቀምጣ የሰው ጥሪ ስታገናኝ ኖራለች። ስሟን አልተናገረችም፤ «እማማ ሴንትራል በይኝ» አለች፤ በዚሁ ጸና። በየእሑዱ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ መልእክቱ ግማሹ ወቀሳ፣ ግማሹ ሳቅ ነው። አንዱን ማይኬ ደጋግማ ትሰማዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት የልጄን መልእክት ስታነቢልኝ ‹ናፍቀሽኛል› የሚለውን ልክ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ይመስል ጮኽሽብኝ። ኧረ ቀስ! ልጄ ከባሕር ማዶ ነው የጻፈው። በዓመት አንዴ ነው እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው፤ ወንድ ልጅ አይደል፣ አፉ አይፈታለትም። እስቲ ለስለስ አድርጊልኝ።»

ማይኬ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ «ናፍቀሽኛል»ን እንደገና ቀዳችው። እህቷን እያሰበች ነበር የተናገረችው። አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የገባው ያ ነው። እማማ ሴንትራል ትስማው አትስማው ግን ማይኬ አታውቅም።

የአሮጌው ፕሮግራም ድምፅ ከአንድ ኮሌጅ ምድር ቤት ውስጥ ካለ ማሽን በኢንተርኔት ይመጣ ነበር። ኮሌጁ ማሽኑን ፈለገው። አዲሱ ፕሮግራም ድምፁን ስልኩ ውስጥ ስለሚይዝ ማሽን አያሻውም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከመዘጊያው ቀን በፊት አዲሱን መጫን አለበት። ያልጫነ ሰው ስልኩ ዲዳ ይሆንበታል።

«አክስቴ፣ የኮሙኒኬሽን ዕቅዱን አንቺ ያዢው» አላት ጢሞ። «ሥራሽ እኮ መንገር ነው።»

ያዘችው። ለማንም ያልተናገረችው ኩራት ተሰማት። አጭር ሥልጠና ወሰደች፤ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ማሳወቅ፣ ማስታወስ፣ ማመስገን ብላ ለየብቻው ቀለም ቀባችው። ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል ሠዓሊ የሆነች ልጅ አለች፤ እሷ አፍ ያለው ብርቱካናማ ስልክ ሣለች፤ ቀኑንና አጫጫኑን በሚያማምሩ ፊደላት ሥዕሉ ላይ ጻፈችበት። ማስታወቂያው ተጠቃሚዎቹ በስልክ በሚወያዩባቸው ቡድኖች ሁሉ ተላከ። ልብና ጭብጨባ ዘነበበት። የማያውቁት ሰው ሁሉ ተቀባበለው። ቀኑ ደረሰ፤ ማሽኑ ተዘጋ፤ ቅሬታ አልመጣም።

ስብሰባው ሲያበቃ ማይኬ እጇን ታጥባ ወደ እማማ ሴንትራል ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። እንደገና ደወለች።

«ያቺ ሳቂታዋ ናት?» አሉ እናቷ።

«እሷ ናት።»

«ተያት፣ ዛሬ ወጣ ብላ ይሆናል» አሉ። እሳቸውም አላመኑትም።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያው ጢም ብሏል። ማይኬ ወደ ወደቡ የሚሄደውን አውቶቡስ ተናግራ ሳትጨርስ የብረት ደረጃው ተንኳኳ። ትኬት ቆራጩ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በክንዱ ይዞ ገባ። ሰውዬው ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ነጭ ዘንጉን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ይዞታል።

«ጠበቃ ናቸው፤ ‹ይቺን ሴትዮ ካላገኘሁ አልሳፈርም› አሉ» አለ ትኬት ቆራጩ እየሳቀ።

«ድምፅሽን ገና ከበሩ ነው ያወቅሁት» አለ ጠበቃው። «አንቺ ስልኬ ውስጥ ስትኖሪ ቆይተሽ ሳትሰናበቺኝ የወጣሽ ሴትዮ ነሽ። ምን በደልኩሽ?»

«ኧረ እኔ ከዚህ ወንበር ተነስቼም አላውቅ!» አለች እየሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። «ስልክዎ ምን ሆነ?»

«ዲዳ ሆነ። ክስ አለብኝ፣ የማነበው ሰነድ አለ፤ ጸሐፊዬ እየጮኸች ታነብልኛለች፤ ደንበኞቼ ከበር ውጭ ሆነው የሰውን ጉድ ይሰማሉ።»

«ማስታወቂያ ልከን ነበር እኮ! አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል እንጂ። በየቡድኑ ደርሶኛል። ያነበብሽልኝም አንቺው ነሽ።»

«ምን ብዬ?»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገና ልክ እንደሷ አድርጎ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጎ ተናገረ። «ሥዕል።» በጣቱ እየቆጠረ ቀጠለ። «ሥዕል። ሥዕል። ሥዕል። በየቡድኑ እንዲሁ። ሰው ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ ይላላክ የለ? የአበባ መስሎኝ አለፍኩት።»

ማይኬ ማይክራፎኑን ወደ ጎን ገፋችው። ፕሮግራሙ ፊደል እንጂ ሥዕል አያነብም። ይህን ታውቃለች፤ ሁሉም ያውቃሉ። ላኩት፣ አዩት፣ ወደዱት፤ ለማየት ለማይችል ሰው መሆኑን ግን የሚያስታውሳቸው አልነበረም።

«ታዲያ... ቅሬታ መቀበያ አለን እኮ» አለች።

«የት?»

«ድረ ገጻችን ላይ።»

«በምን ላነበው?»

ከታች አንድ ሾፌር ጥሩምባውን ለቀቀው፤ መነሻው አልፎ ነበር። አልሰማችውም።

«አልገባኝም እህቴ» አለ ጠበቃው፤ አሁን መሳለቁን ትቷል። «ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ የምታወሪው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ‹ልሄድ ነው› ማለት አቃተሽ? አፍሽ እዚያ ተቀምጦ በሥዕል ትልኪብኛለሽ?»

ስልኩን ተቀብላ አዲሱን ፕሮግራም በገዛ እጇ ጫነችለት። «ሰኞ» አለ ስልኩ በድምፅዋ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለው ጠበቃው ስልኩን፤ እሷን አላለም። ቁጥሩን ትቶላት ሄደ። እሷም የእማማ ሴንትራል ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባት።

በጎ ፈቃደኞቹ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ የተዋሱት ክፍል አላቸው፤ ወለሉ ከታች ባለው ማሽን ይንዘፈዘፋል። ሥራ እንደወጣች ጠራቻቸው። በከተማው ያሉት መጡ። ነገሩን እንደሆነው ነገረቻቸው፤ አንዲት ቃል አላሳመረችም።

ሠዓሊዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ሥዕሉ የኔ ነው።»

«ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። ዕቅዱ ላይ ‹ዓይን የሚስብ ይሁን› ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ተዪ፣ አታልቅሺብኝ።»

ድሮ በመካከላቸው ማየት የማይችል አንድ ልጅ ነበር። ሁሉን ነገር እየሞከረ «ይሄ አይሰማም» የሚላቸው እሱ ነበር። ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሲሄድ በኬክ ሸኙት፤ ቦታውን ግን ማንም አልተካውም። ይህን ሁሉም በየልቡ አስታወሰው፤ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

«አሁኑኑ በጽሑፍ እንላክ» አለ የባንኩ ልጅ።

«ለማን? ስልካቸው ዲዳ ነው፤ በምን ያነቡታል?»

«እንደውልላቸዋ!»

«ቁጥራቸው የታለ?» አለ ጢሞ።

«ይኸው!» አለ የባንኩ ልጅ። «እኔ ቁጥር እንያዝ ስል ‹ሰላይ› ብላችሁኝ ነበር። ዛሬ ማን ልክ ሆነ?»

«የሰው የግል መልእክት አንባቢ ሆነን ቁጥሩንም ከያዝን እኔ የለሁበትም!» ጢሞ ጠረጴዛውን መታው። ሁለቱ ተያያዙ። ቃል ከቃል ይወረወራል፤ ከታች ማተሚያው ይጮኻል።

ማይኬ አልገባችበትም። የጠበቃው ነገር ጆሮዋ ላይ ቀርቷል። አፍሽ እዚያ ተቀምጦ። «አንተ ልጅ» አለችው ጢሞን፣ በልጅነቱ እንደምትጠራው። ሁለቱም ወደሷ ዞሩ። «አሮጌው ፕሮግራም ያላቸው ስልኮች አሁንም ድምፅ ፍለጋ ወደዚያ ማሽን ይሄዳሉ?»

«ይሄዳሉ። ሲያንኳኩ የሚከፍትላቸው የለም እንጂ።»

«ሌላ ማሽን በዚያው የኢንተርኔት አድራሻ ብታቆምና ሲያንኳኩ እኔ ብመልስላቸውስ? የጠየቁትን ጽሑፍ ትቼ፣ እኔው ራሴ ባወራቸው?»

ጢሞ አያት። ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። «አክስቴ... ይህን እኮ ከመዝጋታችን በፊት ማድረግ እንችል ነበር። ስልኩ ሁሉ እጃችን ላይ እያለ።»

«ከመዝጋታችን በፊት» አለች እሷም። ዕድሜዋን ሙሉ «አውቶቡሱ ሊነሳ ነው» ስትል የኖረች ሴት፣ የራሷ አውቶቡስ ሲነሳ ዝም ብላለች።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተመልሳ ገባች። እናቷ በሩን ደገፍ ብለው ቆሙ።

«ውድ ተጠቃሚዎቻችን፣ የአገልግሎት ለውጥን በተመለከተ...»

«ማናቸው ውድ ተጠቃሚዎች?» አሉ እናቷ ከውጭ። «ባንክ ከፈትሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ እየቀዳሁ ነው!»

«ቅጂው እንጂ! ግን ያቺ ሳቂታዋ ብትሰማሽ ማንን ነው የምታናግረው ነው የምትለው። እሷን አናግሪያት።»

ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ትንሽ አሰበች፤ መልሳ ተከናነበችው።

«እኔ ነኝ። መልእክቶቻችሁን የማነብላችሁ። ጠፍቼባችሁ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የስልካችሁ አይደለም፤ ስልኩን አትጣሉት። አጠገባችሁ ማየት የሚችል ሰው ካለ ‹አንባቢ አዲሱ› የሚለውን ይጫንላችሁ። ከሌለ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ፤ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።» ቁጥሯንም ተናገረች፤ ደገመችው።

ጢሞ ማሽኑን አቆመ። በአንድ የሥራ ቀን ቀትር ላይ ስልኳ ጠራ። ከዚያ ማቆሚያ አልነበረውም። አንዱ ተሳደበ፤ ስድቡን ሲጨርስ «እስቲ ያቺን ‹ሐሙስ› የምትያትን በይልኝ» አላት። አንዱ ስልኩን ተበላሽቷል ብሎ ለዘመድ ልጅ መጫወቻ ሰጥቶት ነበር፤ ስልኩ በድንገት ሲያወራበት ልጁ ደንግጦ ይዞለት ሮጠ። አንዲት ሴት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የባሌን መልእክት ጎረቤቴ ስታነብልኝ ነው የከረመችው» አለች። «ሊፈታኝ እንደሆነ ነው የሚጽፈው። አሁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።» ማይኬ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ሴትየዋም አልጠበቀቻትም፤ ዘጋችው።

እማማ ሴንትራል አልደወለችም።

ምናልባት ስልኩን ጥላዋለች። ምናልባት ሸጣዋለች፤ ምናልባት መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አልቆ ተኝቷል። እንዲህ ላለው ስልክ ማይኬ ብትናገርም አይሰማም። በሚቀጥለው እሑድ ስትደውል መጥራቱንም ተወ።

ዕቅዱ አሁን ተለውጧል። ቀለም የለውም። መጀመሪያው መስመር ላይ «በጆሮ ያልተሰማ ነገር አይላክ» ይላል። ጠበቃው በበጎ ፈቃደኞቹ ውስጥ ገብቷል፤ እሱ ሰምቶ እሺ ካላለ ምንም አይወጣም። በጣም ያስቸግራቸዋል። «አልሰማሁም» ይላል፤ እንደገና ይሠራሉ። ስለ ቁጥሩ ነገር እስካሁን ይከራከራሉ፤ ጢሞና የባንኩ ልጅ ተኮራርፈው ነበር፤ ሠዓሊዋ ናት ያስታረቀቻቸው። እሷም አሁን ከመሣሏ በፊት ሥዕሉን በቃል ትናገራለች። ሥራው ይሄዳል። ማይኬም ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፤ ነገር ግን የሚያውቃት ያውቃታል። ያቀረቡላትን ምግብ ታገላብጠዋለች። ስልክ ሲጠራ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች።

አሮጌዎቹን መልእክቶች ከእናቷ ጋር እንደገና ሰማቻቸው፤ አንድ ምልክት ፍለጋ። ከሳቁ ጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ግድግዳ የሚጋራት ልብስ ሰፊ ሳይኖር አይቀርም። በአንዱ ላይ አንድ ሰው «እማማ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ስሟን አልጠየቋትም፤ አለመጠየቃቸውም ኩራታቸው ነበር። አንድ ልጅ ከባሕር ማዶ ይጽፋል፤ የሚያነብላት የለም፤ «ናፍቀሽኛል»ም ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ እባካችሁ በልባችሁ አታንብቡት። ዓይናችሁ ላይ ብቻ ከቀረ እሷ ዘንድ አይደርስም። ወረፋ የምትጠብቁበት ቦታ ከሆናችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከሆናችሁ፣ በተለይም ልብስ ሰፊ አጠገብ ከሆናችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ሰው ዞር ብሎ ቢያያችሁ አትፈሩ። ከግድግዳው ማዶ የምትስቅ፣ ያነበባችሁበትንም የምታርም ሴት ከሰማችሁ፣ እሷ ናት። ማይኬ ስልኩ አጠገብ ናት በሏት።